መጽሐፉንና አካሉን ጎን ለጎን ያነበበ ሐኪም፦ አንድሬያስ ቬሳልየስ

ተማሪዎች፣ ይህን ምንባብ ከመቀጠላችሁ በፊት የሁለቱን እጆቻችሁን ጣቶች በጆሮዎቻችሁ ግርጌ አሳርፉና አፋችሁን ከፍታችሁ መልሳችሁ ዝጉ። የታችኛው መንጋጋችሁ ከጣቶቻችሁ ሥር ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። አሁን ደግሞ ጣቶቻችሁን በአጥንቱ ጠርዝ ላይ እያስኬዳችሁ ከአገጫችሁ ጫፍ ላይ አገናኟቸው። ከአንዱ ጆሮ ሥር ተነሥቶ እስከ ሌላው የሚዘልቅ አንድ ወጥ አጥንት ታገኛላችሁ፤ በመካከሉ መጋጠሚያ የለውም። ይህን ለመረዳት መጽሐፍ መግለጥም ሆነ ከአገር አገር መዞር አላስፈለጋችሁም።

ይሁን እንጂ እስከ 16ኛው ምእተ ዓመት ድረስ በአውሮፓ ታላላቅ የትምህርት ተቋሞች ይሰጥ የነበረው ትምህርት፣ የሰው የታችኛው መንጋጋ ከሁለት አጥንቶች የተጋጠመ ነው የሚል ነበር። ይህን ያስተምሩ የነበሩት ሰዎች አላዋቂዎች አልነበሩም፤ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚያውቁ፣ ዕድሜያቸውን በንባብ የፈጁ ሊቃውንት ነበሩ። ታዲያ በገዛ ፊታቸው ላይ ያለውን አጥንት ዳስሰው ከመጽሐፉ ጋር ሳያስተያዩት እንዴት ኖሩ? የዚህን ጥያቄ መልስ ከአንድሬያስ ቬሳልየስ የሕይወት ታሪክ እናገኘዋለን። በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ልብ በሉ።

የቬሳልየስን ሥራ ለመረዳት በመጀመሪያ ስለ ጋሌን ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ጋሌን በ129 ዓ.ም. በታናሽ እስያ በምትገኘው በጴርጋሞን ከተማ ተወለደ። እስክንድርያ ድረስ ተጉዞ ሕክምና ተማረ፤ በትውልድ ከተማው ለሕዝብ ትርኢት በሰይፍ ይዋጉ የነበሩትን ሰዎች ቁስል አከመ፤ በኋላም ሮማ ገብቶ የነገሥታት ሐኪም ለመሆን በቃ። በዘመኑ የነበረው ልማድ የሰውን አስከሬን ከፍቶ መመርመርን ስለማይፈቅድ፣ የሰውነትን አሠራር ያጠናው በጦጣ፣ በዐሣማ፣ በበሬና በመሳሰሉት እንስሳት ላይ ነበር። ካየው ተነሥቶ ያላየውን ገመተ። ብዙውን ጊዜ ግምቱ ትክክል ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ተሳሳተ። የጻፋቸው መጻሕፍት እጅግ ብዙ፣ አቀራረባቸውም የሠመረ ስለነበረ፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሐኪሞች ከመጽሐፉ የሚወጣ አንዳች እውነት ያለ አልመስል አላቸው።

ስለዚህም በቬሳልየስ ዘመን የሰውነት አካላት ትምህርት ማለትም አናቶሚ የሚሰጠው በሚከተለው መንገድ ነበር። መምህሩ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጋሌንን ቃል ያነባል። ከእርሱ ዝቅ ብሎ፣ ጸጉር በማስተካከልና ቁስል በማከም የሚተዳደር አንድ ባለሙያ አስከሬኑን ይቀዳል። ሌላው ረዳት በዘንግ እያመለከተ የተነበበውን ያሳያል። የሚያነበው አይቀድም፤ የሚቀድደው አያነብም። ተማሪው ደግሞ ከሩቅ ቆሞ ይሰማል። በመጽሐፉና በአስከሬኑ መካከል ልዩነት ቢገኝ ጉድለቱ የአስከሬኑ እንጂ የመጽሐፉ ተደርጎ አይታሰብም ነበር።

አንድሬያስ ቬሳልየስ በታኅሣሥ ወር 1514 በዛሬዋ ቤልጂግ፣ በብራስልስ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በሕክምና የታወቀ ሲሆን፣ አባቱ የንጉሠ ነገሥቱ የቻርልስ 5ኛ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ቬሳልየስ ገና ልጅ ሳለ ትናንሽ እንስሳትን እየከፈተ ውስጣቸውን ይመለከት እንደነበር ይነገራል። በሉቬን የላቲንና የግሪክ ቋንቋ ካጠና በኋላ በ1533 ሕክምና ለመማር ወደ ፓሪስ ሄደ።

በፓሪስ ካስተማሩት ሊቃውንት አንዱ ዣክ ዱብዋ ይባላል፤ በላቲን ስሙ ሲልቪየስ በመባል ይታወቃል። ሲልቪየስ የጋሌንን መጻሕፍት እንደ ውዳሴ የሚደግምና ለተማሪዎቹ በሚገባ የሚያብራራ ታላቅ መምህር ነበር። ቬሳልየስም ብዙ ነገር ተምሮበታል። ነገር ግን በመማሪያ ክፍሉ የሰው አካል የሚታየው እምብዛም ስላልነበረ፣ ወጣቱ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር እየሆነ አሮጌ የመቃብር ስፍራዎችን ይጎበኝ፣ ከአፈር የወጡትንም አጥንቶች ያጠና ጀመር። ከጊዜ ብዛት ዓይናቸውን በጨርቅ አስረው፣ የተሰጣቸውን አጥንት በመዳሰስ ብቻ ምን እንደሆነ ለመለየት እስኪወራረዱ ድረስ ሠለጠኑ።

በ1536 በፈረንሳይና በንጉሠ ነገሥቱ መካከል ጦርነት በመነሣቱ ቬሳልየስ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ሉቬን ተመለሰ። ከከተማይቱ ውጭ ወንጀለኞች በሞት የሚቀጡበት ስፍራ ነበር። አንድ ቀን ከጓደኛው ጋር በዚያ ሲያልፍ፣ በሰንሰለት ከእንጨት ላይ የታሰረ፣ ሥጋውን አሞራ የጨረሰው የአንድ ወንበዴ አጽም አየ። ሌላው ሰው ፊቱን አዙሮ የሚሸሸውን ነገር ቬሳልየስ እንደ ሀብት ቆጠረው። አጥንቶቹን በየጊዜው በስውር ወደ ቤቱ አጋዘ፤ በሰንሰለት የታሰረውን የደረቱን ክፍል ለማውረድም ሌሊት ከከተማ ውጭ ቀርቶ እንጨቱ ላይ ወጣ። ቢያዝ ኖሮ የሚደርስበትን ቅጣት ሳያውቀው አልቀረም። አጥንቶቹን ቀቅሎ፣ አጽድቶና ገጣጥሞ አንድ ሙሉ አጽም ካቆመ በኋላ ለጠየቁት ሁሉ ከፓሪስ ያመጣሁት ነው እያለ ይመልስ ነበር።

ከዚያም ወደ ኢጣሊያ ተሻግሮ በታኅሣሥ 1537 ከፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ። ወዲያውም በዚያው ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምናና የአናቶሚ መምህር ሆነ። በዚያን ጊዜ 23ኛ ዓመቱን ገና አልደፈነም ነበር። በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ከከፍተኛው ወንበር መውረድ ነው። ካራውን ራሱ ያዘ፤ ራሱ እየቀደደ፣ ራሱ እያሳየ፣ ራሱ ማስረዳት ጀመረ። ተማሪዎቹንም ወደ ገበታው አቅርቦ በእጃቸው እንዲዳስሱ አደረገ። ወሬው በመዛመቱ ክፍሉ በተማሪ ተጨናነቀ፤ በ1539ም አንድ የከተማይቱ ዳኛ ለሥራው ፍቅር አድሮበት በሞት የተቀጡ ወንጀለኞች አስከሬን እንዲሰጠው ፈቀደ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ቬሳልየስ ከወንበር የወረደ ዕለት ከጋሌን ሥልጣንም ወርዷል ማለት ነውን? አልወረደም። በ1538 ለተማሪዎቹ ባሳተማቸው ስድስት ትላልቅ ሥዕሎች ውስጥ ጉበትን አምስት ክፍል ያለው አድርጎ ሥሏል፤ ጋሌን እንደዚያ ብሎ ነበርና። በአንጎል ሥር የደም ሥሮች መረብ እንዳለም አሳይቷል። ይህ መረብ በበሬና በበግ ራስ ውስጥ ይገኛል፤ በሰው ራስ ውስጥ ግን የለም። ቬሳልየስ በሰው ራስ ውስጥ ፈልጎ ሲያጣው፣ መጽሐፉ ተሳስቷል ብሎ በመናገር ፈንታ የበሬ ወይም የበግ ራስ አጠገቡ እያስቀመጠ መረቡን ለተማሪዎቹ ከዚያ ያሳያቸው ነበር። በኋላ ይህን ድርጊቱን ራሱ በጽሑፍ ገልጾ፣ ለጋሌን ከነበረው ፍቅር የተነሣ ያን ያህል መታወሩን በመገረም ተናዝዟል። የገዛ ዓይን የሚያየውን አምኖ መቀበል ካራ ከመጨበጥ ይልቅ ከባድ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ጥርጣሬው እያደር በረታ። በ1540 የቦሎኛ ተማሪዎች ጋብዘውት አስከሬን እየከፈተ እንዲያሳያቸው ተደረገ። በዚያ ጉባኤ ማቴዎ ኮርቲ የተባለ አንድ ዕውቅ መምህር የጋሌንን ሐሳብ እያነበበ ሲያስረዳ፣ ቬሳልየስ ደግሞ አካሉን ያሳይ ነበር። ሁለቱ በደም ሥሮች አቀማመጥ ላይ ሳይስማሙ ቀሩ። አንጋፋው መምህር ከጥንት ሊቃውንት ቃል መውጣት አይገባም ሲል፣ ወጣቱ ግን ጉዳዩ በፊታችን ተዘርግቷልና ቀርበን እንመልከተው የሚል አቋም ያዘ። በዚሁ በቦሎኛ ቬሳልየስ የሰውንና የጦጣን አጽም ጎን ለጎን አቁሞ አስተያየ። ጋሌን ስለ ጀርባ አከርካሪ አጥንት የጻፈው መግለጫ ከሰውየው አጽም ጋር አልገጥም ሲል፣ ከጦጣው አጽም ጋር ግን በትክክል ገጠመ። እንቆቅልሹ በዚህ ተፈታ፤ ጋሌን የጻፈው ያየውን ነው፤ ያየው ግን ጦጣን እንጂ ሰውን አልነበረም።

ተማሪዎች፣ ይህን ግኝት ለማግኘት ምን እንዳስፈለገ አስተውሉ። አጥንቱን ማወቅ ብቻ አይበቃም ነበር፤ መጽሐፉንም ከዳር እስከ ዳር ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ቬሳልየስ የጋሌን ሥራዎች በላቲን ተሻሽለው በ1541 በቬኒስ ሲታተሙ የአናቶሚ መጻሕፍቱን ካረሙት ሰዎች አንዱ ነበር። ጋሌንን የተቃወመው ጋሌንን ሳያነብ ቀርቶ አይደለም፤ ብዙዎቹ ጠበቆቹ ካነበቡት የበለጠ ጠንቅቆ አንብቦታል። እንዲያውም ጋሌን በመጻሕፍቱ ሐኪሞች በራሳቸው ዓይን እንዲመለከቱ፣ ቢቻላቸውም የሰውን አጥንት ለማየት እስክንድርያ ድረስ እንዲሄዱ መክሮ ነበር። ሌሎቹ የጋሌንን ቃል ሲጠብቁ፣ ቬሳልየስ የጋሌንን ምክር ፈጸመ።

በ1543 ቬሳልየስ ስለ ሰው አካል አሠራር የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ታተመ። የሥዕሎቹ የእንጨት ቅርጾች በኢጣሊያ ተቀርጸው የአልፕስን ተራሮች በማሻገር በስዊስ ወደምትገኘው ወደ ባዝል ከተማ ተጋዙ። መጽሐፉ በሰባት ክፍሎች የተከፈለ፣ ከ600 በላይ ገጾችና ከ200 በላይ ሥዕሎች ያሉት ነበር። ደራሲው በዚያን ጊዜ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። የታችኛው መንጋጋ አንድ አጥንት መሆኑን፣ የደረት አጥንት ጋሌን እንዳለው ሰባት ሳይሆን ሦስት ክፍሎች እንዳሉት፣ በአንጎል ሥር ነው የተባለው መረብ በሰው ላይ እንደሌለ ገለጸ። ብዙ ሰዎች ወንድ ከሴት አንድ የጎድን አጥንት ያንሰዋል ብለው ያምኑ ስለነበረ፣ ቆጥሮ በሁለቱም 12 ጥንድ መሆኑን አሳወቀ።

መንጋጋን በተመለከተ ይህን ያየ የመጀመሪያው ሰው ቬሳልየስ አልነበረም። ከእርሱ ከ300 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1200 ግድም በግብፅ ጽኑ ረሃብ በገባ ጊዜ፣ አብዱል ለጢፍ አልባግዳዲ የተባለ ሐኪም የሟቾችን አጽም በብዛት መርምሮ መንጋጋ አንድ አጥንት መሆኑን ጽፎ ነበር። ሆኖም የእርሱ ቃል በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ሳይሰማ ቀረ። የቬሳልየስ መጽሐፍ ግን በኅትመት ተባዝቶ ወጣ፤ ሥዕሎቹም አንባቢው ራሱ ከአካሉ ጋር እንዲያስተያያቸው ሆነው የተዘጋጁ ነበሩ። በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቬሳልየስ በሕዝብ ተከብቦ እጁን ከአስከሬኑ ላይ አሳርፎ ይታያል። የድሮዎቹ ቀዳጆች ከገበታው ሥር ሆነው ስለ ምላጭ ይጨቃጨቃሉ። የሚያነበውና የሚቀድደው አንድ ሰው መሆኑን ሥዕሉ ያበሥራል።

መጽሐፉ አድናቆትን እንዳተረፈ ሁሉ ቁጣንም ቀሰቀሰ። ከሁሉ በላይ የተቆጣው የቀድሞ መምህሩ ሲልቪየስ ነበር። ሲልቪየስ በ1551 ባወጣው ጽሑፍ የተማሪውን ስም አጣሞ ዕብድ ብሎ ሰደበው። ጋሌን ተሳስቷል ብሎ ከመቀበል ይልቅ ከጋሌን ዘመን ወዲህ የሰው አካል ራሱ ተለውጧል ብሎ ተከራከረ። ቬሳልየስ ግን ይህ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ገና በመጀመሪያዎቹ ነቀፋዎች ልቡ ተሰብሮ፣ ዓመታት የደከመባቸውን ብዙ የጽሑፍ ረቂቆቹን በእሳት አቃጥሎ ከመምህርነት ተሰናብቶ ነበር። በኋላ በድርጊቱ ተጸጽቷል፤ የተቃጠለው ጽሑፍ ግን አልተመለሰም።

ከዚህ በኋላ እንደ አባቱ በቻርልስ 5ኛ ቤተ መንግሥት ሐኪም ሆኖ አገለገለ፤ በ1559 ደግሞ ከንጉሡ ልጅ ከፊሊፕ 2ኛ ጋር ወደ ስፔን ሄደ። ክብርና ደመወዝ አልጎደለበትም። ነገር ግን በስፔን አስከሬን መመርመር ቀርቶ አንድ የራስ ቅል ማግኘት እንኳ እንደተቸገረ ጽፏል። ያ በየመቃብሩ አጥንት ይለቅም የነበረ ሰው በዓይኑ የሚያየው ነገር አጣ።

በ1561 ከኢጣሊያ አንድ መጽሐፍ ደረሰው። ደራሲው በፓዱዋ በእርሱ ወንበር ያስተምር የነበረው ገብርኤሌ ፋሎፒዮ ነው። ፋሎፒዮ ቬሳልየስን እጅግ እያከበረ፣ ነገር ግን ስሕተቶቹን አንድ በአንድ እየጠቀሰ አርሞታል። በእርግጥም የቬሳልየስ መጽሐፍ ስሕተት ነበረበት። የኩላሊትን ሥዕል የወሰደው ከውሻ ነው፤ በጋሌን ላይ ያየውን ጉድለት ራሱም ደገመው ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ ቬሳልየስ አሁን በሲልቪየስ ቦታ ቆሟል። እርሱ ግን የሲልቪየስን መንገድ አልተከተለም። ወንበሩን የወረሰውን ሰው ሥራ በደስታ ተቀብሎ፣ በአንዳንዱ ተስማምቶ፣ በሌላው ተከራክሮ ሰፊ መልስ ጻፈ። የሚያሳዝነው፣ መልሱ ሳይደርሰው ፋሎፒዮ በ1562 ዓረፈ። ቬሳልየስም በ1564 ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ሲመለስ፣ ዛኪንቶስ በምትባለው የግሪክ ደሴት በ49 ዓመቱ ሞተ።

ሥራው ግን በፓዱዋ ቀጠለ። ፋሎፒዮ ጂሮላሞ ፋብሪቺዮን አስተማረ፤ ፋብሪቺዮ ደግሞ ዊልያም ሃርቬይ የተባለውን እንግሊዛዊ አስተማረ። ጋሌን ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ውስጥ በሚገኙ በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ብሎ ነበር። ቬሳልየስ ቀዳዳዎቹን ፈልጎ ቢያጣም በ1543 በድፍረት ለመካድ አልቻለም፤ በ1555 በወጣው ሁለተኛ እትም ግን መጠራጠሩን በግልጽ ጻፈ። ሃርቬይ በ1628 ደም ከልብ ወጥቶ ሰውነትን ዞሮ እንደሚመለስ አስረዳ። እያንዳንዱ ከመምህሩ ተቀበለ፤ እያንዳንዱም ለመምህሩ ጥያቄ እርማት ጨመረ።

ተማሪዎች፣ አበው የነበረ ይናገር፣ የቀበረ ያርዳ ይላሉ። ይህም ለአንድ ነገር ምስክርነት የሚገባው በስፍራው የተገኘ ሰው ነው ማለት ነው። ሆኖም ማናችንም በሁሉ ስፍራ ልንገኝ አንችልም። ሐኪም ያዘዘልንን መድኃኒት ሁሉ ራሳችን መርምረን፣ የምድርን ስፋት ሁሉ ራሳችን ለክተን አንዘልቀውም። ስለዚህ ሊቃውንትን መስማት ግድ ነው፤ ቬሳልየስም ራሱ ሊመረምረው ባልቻለው ነገር ጋሌንን ተከትሏል። ምሁርን መናቅ ራስን ችሎ ማሰብ አይደለም፤ ባልተማሩት ነገር ላይ መመጻደቅ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የምሁርን ቃል ያለ ምርመራ መደጋገም ለምሁሩ የተሰጠ ክብር ሊባል አይችልም።

እንግዲህ አንድ ትልቅ ሰው የተናገረውን ስትሰሙ ወይም በመጽሐፍ ስታነቡ፣ በመጀመሪያ ምን እንዳለ በሚገባ ተረዱ። ቀጥሎም ይህን እንዴት ሊያውቅ ቻለ ብላችሁ ጠይቁ። የተመለከተው ሰውን ነው ወይስ ጦጣን? እናንተስ ሄዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁን? የምትችሉ ከሆነ ሂዱና እዩ። የማትችሉ ከሆነ ደግሞ ሌሎች ሰዎች አይተው ያረጋገጡት መሆኑን መርምሩ። ያያችሁትም ከተነገራችሁ የተለየ ሆኖ ሲገኝ እንደ ወጣቱ ቬሳልየስ የበሬ ራስ አታስቀምጡለት። ልዩነቱን በትሕትናና በግልጽ ተናገሩ፤ ነገ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪ የእናንተን ስሕተት ሲያሳያችሁም በደስታ ተቀበሉት።